የቆረጥኳቸው ቀይ ጨርቆች

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ከሥራ መልስ

የሌብል ማተሚያው ሪበን ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ፕሪንተሩ ዛሬ ጠባይ የለውም። ቢሆንም አራት መቶ ባርኮድ አወጣሁ፣ ሁሉም በስካነር ተነበቡ። ጣቴ ሙጫ በሙጫ ሆኗል። አንቺንም፣ ደብተሬ፣ አቆሽሽሻለሁ፣ ቻዪው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኦዲተሮች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። የጥራት ሰርተፊኬቱን ካገኘን ሳሙናችንና በረኪናችን ትልልቅ ሱቅ ይገባል፣ ፋብሪካውም ሁለተኛ አይዘጋም ይላል ኢ/ር ተክላይ፣ ሥራ አስኪያጃችን። ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ ሁሉም ዕቃ የታተመ ሌብል ይኑረው፣ በእጅ የተጻፈም ሆነ የታሰረ ነገር እንዳይታይ። ሌብል ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት መቀስ ይዤ ቅልቅል ክፍል ገባሁና ጨርቆቹን አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው።

ስለ ጨርቆቹ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። በጦርነቱ መንገድ ሁሉ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ሪበን የለም፣ ስቲከር የለም፣ ማርከር እንኳ ደርቆ ነበር። ጄሪካኖቹ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ግማሾቹ ውስጥ ያለው የሳሙና እጥበት ውሃ ነው፣ ግማሾቹ ውስጥ ሥጋ የሚበላው ኮስቲክ። አቦይ ኪሮስ፣ የቅልቅል ክፍሉ አንጋፋ፣ የሚስታቸውን አሮጌ ቀይ ሻሽ ቀደው መጡና በየእጀታው አሰሩ። አንድ ቋጠሮ ኮስቲክ፣ ሁለት ቋጠሮ አሲድ፣ ጨርቅ የሌለው የማይናከስ። የሚናከስ ውሻ ሳይታሰር አይታደርም አሉን፣ ሳቅን። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አልተጎዳም።

አሁን ግን ጊዜው ሌላ ነው። ሌብሎቼ ቆንጆ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ተለጥፈዋል። ለማያነብ ሰው ሥዕል አላቸው፣ ጠብታ የሚበላው እጅ። አቦይ ኪሮስ ማንበብ አይችሉም፣ ሥዕል ግን ለማንም ነው። የወንድማቸው ተዝካር ስለነበረ ከዐርብ ጀምሮ ውቅሮ ናቸው። ነገ ሲገቡ እነግራቸዋለሁ።

ጨርቆቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። በፌስታል አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኳቸው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ጽሑፌ ካልተነበበሽ ተዪው።

ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። በበሩ በኩል አቦይ ኪሮስን አየኋቸው፣ ቱታቸውን እየለበሱ። ከመይ ሓዲርኪ ጓለይ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ አሉኝ ከሩቅ። ደሓን አልኩ። ሄጄ ልነግራቸው አልኩና ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ። ይህችን አንድ ጥቅል ልጨርስና አልኩ።

ጥቅሉ አላለቀም። ጩኸት ሰማሁ።

የቅልቅሉ በርሜል የፈላ ውሃ ነበረበት፣ ሊያጥቡት። ጥጉ ጨለማ ነው፣ እንፋሎትም አለ፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ በዐይን አይሠሩም። እጀታውን ዳሰሱ። ጨርቅ የለም። የእጥበት ውሃ ነው ብለው ገለበጡት። ኮስቲክ በፈላ ውሃ ላይ። ገንፍሎ ፊታቸው ላይ ወጣ።

ከታንከር በባልዲ እየቀዳን አፈሰስንባቸው፣ አፈሰስንባቸው። ፍረወይኒ ከላቦራቶሪ ሮጣ መጥታ ጭንቅላታቸውን ይዛ ነበር፣ ዐይናቸውን በጣቷ ከፍታ። እኔ ባልዲ አቀብላለሁ። በመኪና ዓይደር ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ሲወጡ ጄሪካኑን አየሁት። ሌብሌ ላዩ ላይ ነው። አልተላጠም፣ አልጠመመም። አራቱም ማዕዘን እንደተለጠፈ ነው።

ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር ትናንት፣ አይደለም? እላይ ጽፌልሻለሁ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ከሥራ በባጃጅ ዓይደር ሄድኩ። ፊታቸው ሁሉ ፋሻ። ቀኝ ዐይናቸው አበቃለት አሉ ሐኪሙ። ግራው ገና አልታወቀም።

አደይ ለተብርሃን፣ ሚስታቸው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ትነካለች። ሌላ የሚነካ ቦታ የላትም። ስገባ ተነስታ ሳመችኝ፣ ሥራ ጥለሽ መጣሽ ብላ መረቀችኝ። አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ድምፄን ሲሰሙ ማን እንደሆንኩ ዐወቁ። ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። ያን ጄሪካን ሳላስረው ወደ ተዝካር ሄድኩ፣ ሐዘን ልቤን ወስዶት ነበር፣ ረሳሁ፣ አሉኝ። እናንተንም አስደነገጥኳችሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ አሉኝ።

ይቅር በሉኝ። እኔን።

አፌን ከፈትኩ። ነርሷ ገባች። አፌን ዘጋሁ። ነርሷ ባትገባም እዘጋው ነበር፣ ላንቺ አልዋሽም።

ኅዳር 7፣ ዐርብ

ኮሚቴ ተቀመጠ። ኢ/ር ተክላይ፣ የሰው ኃይል ሓላፊው፣ አንድ ከሠራተኛ ማኅበሩ። ጠሩኝ። የጄሪካኑን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ በትልቁ የታተመ። ሌብሉ ያምራል። ኢ/ሩ እንዲያውም አመሰገነኝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ባይኖር ዛሬ ፋብሪካው ተከሳሽ ነበር አለ።

የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አደጋው ሲደርስ ሌብሉ በትክክል ተለጥፎ ነበር ወይ? ነበር። ከዚያ ፈርሚ አሉኝ። ፈረምኩ።

ውሸት የለበትም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፣ የሚያመኝም እሱ ነው። ስለ ጨርቅ ማንም አልጠየቀ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጨርቅ የሚባል ነገር እንደነበረ የሚያውቁት እጃቸውን የሚያቆሽሹት ብቻ ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ማን ጠርቷቸው።

ስወጣ የሰው ኃይሉ ነገሩን አፍረጠረጠልኝ። ምልክት እያለ ባለማየት የደረሰ ከሆነ የራሳቸው ቸልተኝነት ነው ይባላል። ቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ለሕክምና አይጠየቅም፣ ሥራቸውም ያበቃል። አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ከታከሙ ግራ ዐይናቸው ሊተርፍ ይችላል እየተባለ ነው። ማን ይልካቸዋል ታዲያ? አደይ ለተብርሃን?

እኔ ነኝ እኮ ልል ነበር። ደረጃውን ወረድኩ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ነገርኳት። ሁሉንም። ምስር እየለቀመች ነበር፣ እጇ ቆመ።

ማንም ጠየቀሽ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ። እንግዲያው በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አለች፣ ለቀማዋን ቀጠለች። ፋብሪካው ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ጠላ ጠምቃ ያኖረችኝ እሷ ናት። ያን ትሸሻለች፣ አልፈርድባትም። የታዘዝሽውን አደረግሽ እንጂ ምን አጠፋሽ አለችኝ ደግሞ።

ይህን ራሴም ሞክሬዋለሁ። ትእዛዝ ነው እላለሁ። አይሠራልኝም። ቁረጪ አሉኝ፣ ሰውየው ሳያውቅ ቁረጪ ግን ማንም አላለኝም። ከሰኞ ሰኞ የሌብል ጥግ እለካለሁ፣ ለአንድ ሰው አንድ ቃል መንገር ግን ለፕሪንተር ብዬ አሳደርኩ።

አባቴ ቢኖር ብዬ አሰብኩ። በአማርኛ እንድጽፍ ያስለመደኝ እሱ ነው፣ የደሴ ሰው። እናቴ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፣ ስለዚህ አንቺን ከፍታ ምንም አታገኝም። እሱ ግን ያነብሽ ነበር። አንብቦ ምን እንደሚለኝ ዐውቃለሁ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ያየኛል። ያን አስተያየት ነበር የምፈራው።

ምስሩን አልበላሁም። እናቴም አልበላች።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ኦዲተሮቹ መጡ። ሁለት ናቸው፣ ትሑት ሰዎች። ሌብሎቼን ስካን እያደረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ አደጋው ተነገራቸው፦ ምልክት ነበር፣ ሠራተኛው አላየም። ጻፉት። ምሳ ተጋበዙ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ፍረወይኒ ላቦራቶሪ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ጨርቆቹ የት አሉ አለችኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አልኳት። እኔ እንደቆረጥኳቸው ከመጀመሪያ ቀን ታውቃለች፣ ቅዳሜ መቀሱን የሰጠችኝ እሷ ናት። ተያየን። እኔም አብሬሽ ነኝ አላለችም፣ ተናገሪ ብላም አልገፋችኝ። ብቻ አንድ ነገር ነገረችኝ፦ የሰው ኃይሉ ነገ ዓይደር ወረቀት ይልካል፣ ቸልተኝነታቸውን እንዲያምኑ። መፈረም ስለማይችሉ የጣት ቀለም አብሮ ይሄዳል።

እሳቸው ደግሞ ያምናሉ። ረሳሁ እያሉ ነው እኮ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ የሚካኤል ዕለት

ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። አደይ ለተብርሃን ለሚካኤል ተስላ ጧት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጥታለች፣ ነጠላዋ ላይ የጧፍ ጠብታ አለ። ወረቀቱ ቀድሞኝ ገብቷል። ኮመዲኖው ላይ፣ የጣት ቀለሙ ከጎኑ።

አቦይ ኪሮስ መምጣቴን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ጥሩ ጊዜ ደረስሽ አሉኝ። ወረቀቱ በአማርኛ ነው፣ ለተብርሃን አታነብም፣ የማላውቀው ሰው ከሚያነብልኝ አንቺ አንብቢልኝና ጣቴን ላሳርፍ አሉ። የቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። አውራ ጣታቸውን ለይተው ያዙት፣ ዝግጁ።

አነበብኩ። በትግርኛ እየመለስኩ፣ ቃል ሳልዘል። ምልክቱ በግልጽ ተለጥፎ እያለ ባለመመልከቴ፣ ይላል። ድምፄ እስከዚያ ድረስ ወሰደኝ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጥኩ።

ጨርቁን አልረሱም አልኳቸው። አስረውታል። ሁሉንም አስረዋል። ቅዳሜ እርስዎ ውቅሮ እያሉ ሠላሳ አንዱንም የቆረጥኩ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ልነግርዎ ነበር፣ አልነገርኩም። ያለቀስኩ ይመስለኛል።

አደይ ለተብርሃን ተነሳች። አየችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

አቦይ ኪሮስ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ጣታቸው አሁንም እንደተለየ ነው። ፋሻው ስር ፊታቸውን ማየት አልችል፣ ተቆጡ ወይስ አዘኑ፣ አላውቅም። አጆኺ፣ አይዞሽ፣ አላሉኝም፣ ይቅር አልኩሽም አላሉኝም። ከዚያ ጠየቁኝ፣ ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።

«መልሰሽ አሰርሻቸው?»

አልገባኝም። ደገሙልኝ። እዚያ ጥግ አሁን ማን ነው የሚሠራው፣ እሱም እጀታ ነው የሚዳስሰው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት አሉ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለራሴ ሳለቅስ ጨርቁ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ሰዎቹም እጀታ ይዳስሱ ነበር። አላሰርኳቸውም አልኩ።

እጃቸውን መልሰው ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገቡ። ቀለሙን ውሰጂው አሉኝ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ ጧት 1፡10

ቅልቅል ክፍል ነኝ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍሽ። ፈረቃው አልገባም። ጥበቃው ምን አመጣሽ አለኝ፣ ሥራ ተረፈኝ አልኩት።

ጨርቅ ማሰር ቀላል ይመስላል። ቆርጬ ስላሳጠርኳቸው ለቋጠሮ አይበቁም፣ አንዳንዱን በጥርሴ ጎተትኩ። የአደይ ለተብርሃን ሻሽ አሁንም ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሌብሎቼን አልነካሁም፣ እነሱም ይኑሩ። ጨርቁ ከላይ፣ ሌብሉ ከጎን። ዐይኔን ጨፍኜ በመስመሩ ሄድኩ፣ እጀታ በእጀታ እየዳሰስኩ። ሁለት ቦታ ተሳስቼ ነበር፣ አስተካከልኩ።

ሠላሳውን አሰርኩ። አንዷ ቀረች፣ የዚያ ጄሪካን። እሷን ከደብዳቤዬ ጋር በስቴፕለር አያያዝኳት። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ሌብሉ ነበረ፣ ሠራተኞቹ የሚሠሩበትን ምልክት ግን እኔ ሳልነግራቸው አነሳሁ፣ ይላል። የዐርቡ ፊርማዬ ግማሽ እውነት ነው፣ ይላል። አቦይ ኪሮስ ቸልተኛ አይደሉም፣ ይላል። ትእዛዙ ከማን እንደመጣም ጽፌአለሁ። አንዱ ቅጂ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለኦዲተሮቹ።

እናቴ ስወጣ ነቅታ ነበር። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ወደ ቤት ያመጣሁትን ፌስታል አየችው። ቁርስ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩ። ከስሜ ፊት የሥራ መደቤን ልጽፍ ብዬ ተውኩት፣ እስከ ከሰዓት ላይኖረኝ ይችላል።

የኢ/ር ተክላይ መኪና በሩ ላይ ቆመች፣ ጥበቃው እየከፈተላት ነው። አሁን ቢሮው ካልገባሁ ፕሪንተሩን ልክፈት እላለሁ፣ አንድ ጥቅል ልጨርስ እላለሁ። ራሴን ዐውቃለሁ። ልግባ