ክሱን ያልሰማ ሰው አይፈረድበት፦ የአቶ ጥሩሰው ገብረአማኑኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ጥሩሰው ገብረአማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ገብረአማኑኤል ወሰኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ሌንጮ መስከረም 14 ቀን 1926 ዓ.ም. በጊንጪ ከተማ ተወለዱ። አማርኛን ከአባታቸው፣ ኦሮምኛን ከእናታቸው እኩል ስለለመዱ ሙያቸውን ከቤት ይዘው ወጡ ማለት ይቻላል።

በጊንጪ ፊደል ቆጥረው፣ በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት በምትባለው አምቦ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1946 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ በ1951 ዓ.ም. አስተርጓሚ ሆኑ። በ1949 ዓ.ም. ከወይዘሮ አመለሸጋ ሀብተሥላሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አራት ልጆች አፍርተዋል።

በቀብር ቀን የሟችን ስሕተት ማንሳት ልማዳችን አይደለም። ይህ እንዳይቀር ብለው ያዘዙኝ ግን ራሳቸው ታላቅ ወንድሜ አቶ ጥሩሰው ናቸው። በ1964 ዓ.ም. በአንድ ተከሳሽ ቃል ላይ፣ «በሚያውቀው ቋንቋ ተነቦለታል» ከሚለው መስመር ሥር፣ ሳያነቡለት፣ መርማሪውን አምነው ፈረሙ። ሰውየው በዚያ ወረቀት ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ያልተናገረው እንደተጻፈበት አቶ ጥሩሰው የሰሙት ዘግይተው ነበር። ይግባኝ አጻፉለት፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። እስኪፈታ ድረስ በየእሑዱ ስንቅ አመላለሱለት፤ ይቅርታም ጠየቁት። ጸጸቱ ግን አብሯቸው ኖረ።

በ1970 ዓ.ም. ኦቦ ኩምሳ የተባሉ የደንዲ ገበሬ የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን አቃጥለዋል ተብለው ተከሰሱ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክስ በሞት ያስቀጣ ነበር። የአውራ ጣታቸው አሻራ ያረፈበት የእምነት ቃል በአማርኛ ተጽፎ ቀረበ፤ እሳቸው ግን ከኦሮምኛ በቀር አይሰሙም። አቶ ጥሩሰው እንደተለመደው ፈርመው እንዲያሳልፉት ታዘዙ። «ያላነበብኩለትን አነበብኩለት ብዬ ሁለተኛ አልፈርምም» አሉ። ወረቀቱን ይዘው ችሎት ፊት ቆሙና አንድም ቃል ሳያስቀሩ በኦሮምኛ አነበቡላቸው።

ኦቦ ኩምሳ አምነዋል የተባሉትን ገና መስማታቸው ነበር። ጣታቸውን ያሳረፉት «የተወሰደብዎት በሬ ይመለስልዎታል» ተብለው እንደሆነ፣ እሳቱ በተነሳበት ዕለትም ወንጪ ለቅሶ ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። ዳኞቹ ምስክር እንዲጠራ አዘዙ። ከወንጪ ሰባት ለቀስተኞች በፈረስ መጥተው መሰከሩ፤ ኦቦ ኩምሳም በነፃ ተለቀቁ።

አቶ ጥሩሰው በፈንታቸው አብዮቱን አደናቅፈዋል ተብለው አምስት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ከችሎት ርቀው መዝገብ ቤት ተመደቡ። እዚያም ሆነው በደጃቸው የሚያልፈውን እስረኛ ሁሉ፣ የተከሰስክበትን ታውቀዋለህ ወይ፣ ይግባኝ ማለት እንደምትችልስ ነግረውሃል ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። እኔ ፈርቼ፣ ለልጆችዎ ይዘኑ፣ ይተዉ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። አልሰሙኝም፤ እንኳንም አልሰሙኝ። የእድራችንን ቃለ ጉባኤ እንኳ ሁለቴ ካላነበቡ ስለማይፈርሙ ስንቱን አባል አሰልችተዋል! ቢሆንም በእድራችን ታሪክ በወረቀት የተጣላ ሰው የለም።

በ1981 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ስድስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ኦቦ ኩምሳም ከደንዲ ከነልጆቻቸው መጥተው ከቤተ ሰቡ ጋር ቆመዋል። በምድር ችሎት ለተከሳሽ አፍ የሆኑትን ወንድማችንን፣ እግዚአብሔር በላይኛው ችሎት በምሕረቱ ይቀበላቸው።

የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለ እኔ የጻፋችሁት ለኦቦ ኩምሳ በሚሰሙት ቋንቋ ሳይነበብ አፈር እንዳትመልሱብኝ ብለዋል። ስለዚህ ልጃቸው እንግዳወርቅ ይህንኑ በኦሮምኛ አንብባ እስክትጨርስ፣ ቀባሪዎች ባላችሁበት እንድትቆዩልን እንለምናለን።