ስምህ የሌለበት ቤት

ውድ አጎቴ ቨርጂል፣

ይህን ደብዳቤ የምተወው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምሳ ለምታበስለው ለሚስ ኦሌታ ነው። አንድ ቀን ብቅ ካልክ በእጅህ ትሰጥልኛለች። የት እንዳለህ እሷም አላውቅም ትላለች። እኔ ግን ሰው «አላውቅም» ሲል እውነቱን ይሁን አይሁን መለየት ካቃተኝ ቆየ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፣ እያነበብክ ልብህ እንዳይንጠለጠል። ተራህ ደርሶ ነበር። ኪራይ የሚከፍልልህ የራስህ ቫውቸር። የመልእክት አድራሻህ የእኛ ቤት ስለሆነ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት በስምህ ደብዳቤ መጣልን። እስከ ወሩ መጨረሻ መታወቂያህን ይዘህ እንድትቀርብ፣ ካልቀረብክ ተራው ለሚቀጥለው ሰው እንደሚሰጥ ይላል። ወሩ አልቋል። አላገኘንህም።

እማዬ «አሁን ይህን ለምን ትጽፊለታለሽ? ልቡን ልትሰብሪው ነው?» ትለኛለች። እኔ ግን የሸሸኸው ከምን እንደሆነ ብታውቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ስለ ግራጫዋ መኪናህ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ከቤት ያስወጡን ጊዜ እማዬ ከፊት፣ እኔና ታናሽ እህቴ ማኬላ ከኋላ፣ አንተ መሪው ላይ ተደፍተህ ስንከርም እኔ ደስተኛ ነበርኩ። ደስተኛ ማለት ይከብዳል፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ አፌን ሳልከፍት ውዬ መኪናው ውስጥ ስገባ «ዝምተኛዋ መጣች! ኧረ ቀስ በይ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው» ትለኛለህ። ማኬላ በሳቅ ትፈርሳለች። የተረፈ ምሳ ስታመጣ በፎይል ጠቅልለህ፣ ጠርዙን ሁለቴ ወደ ውስጥ አጥፈህ፣ ማዕዘኑን በአውራ ጣትህ ስለምትጫነው መቀመጫው ላይ ጠብታ አይፈስም ነበር። እኔንም ያስተማርከኝ ያኔ ነው።

የእማዬ ቫውቸር የመጣ ቀን ማኬላ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችህ።

«ሀብታም አጎት ነው» አልካት። «ከኪራያችሁ ትልቁን እሱ ይከፍልላችኋል። ግን ቤታችሁ ማን እንደሚያድር ይጠይቃል።»

«አንተስ?»

«እኔ ድሃው አጎት ነኝ። አልከፍልም፣ አልጠይቅም።»

ሀብታሙን አጎት ግን የሚቀበለው ጠፋ። እማዬ እየደወለች «ቫውቸር ትቀበላላችሁ?» ስትል ጆሮዋ ላይ ይዘጉባታል። የወረቀቱ ቀን ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው ሚስተር ሳባቲኒ ላይኛውን ፎቅ ሊያከራየን እሺ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለነው እማዬ፣ እኔና ማኬላ ነን። አንተን ለማስገባት ወደ ቢሮ ተመልሶ እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ አልቀረንም።

«ተዪኝ ሮንዳ» አልካት እማዬን። «መጀመሪያ ልጆቹን ጣራ ሥር አስገቢ። እኔን ኋላ ትጨምሪኛለሽ።»

«ኋላ መቼ?»

«አንቺ ደግሞ! ኋላ ነዋ፣ ኋላ።»

ከመግባታችን በፊት ቤቱ በቢሮው ተቆጣጣሪ ታይቶ ማለፍ ነበረበት። የመስኮቶቹ ቀለም ተልጦ፣ የእኔና የማኬላ ክፍል በር ተገንጥሎ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ሚስተር ሳባቲኒ «በሚቀጥለው ወር ሰው እልካለሁ» ሲል አንተ የቀለም መፋቂያህን ይዘህ ደረጃውን ወጣህ። የድሮ ቀለም አቧራው ለሕፃን መርዝ ነው ብለህ ውሃ እያርከፈከፍክ ፋቅከው። በሩንም ገጠምክልን። በሕይወቴ የምዘጋው በር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ መስኮቶቹን ከፈተች፣ ዘጋች። በሩን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ምንም ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።

«ማነው የሠራው?» አለች።

«አንድ ሰው» አለች እማዬ።

አንተ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ አንገትህን አስግገህ «አንድ ሰው እርቦታል፣ የሚበላ አለ?» አልክ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ የሳቅኩት ሌሎቹ ስለሳቁ ነው።

ከዚያ በኋላ እኛ ፎቅ ላይ፣ አንተ ከቤቱ ፊት ለፊት መኪናህ ውስጥ። እራትህን በፎይል ጠቅልዬ አወርድልሃለሁ። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገህ ማዕዘኖቹን እንደ ተቆጣጣሪ ትመረምርና «አልፏል!» ትላለህ። ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ ንፋስ ሲበረታ እማዬ እጅህን ጎትታ ሶፋው ላይ አስተኛችህ። እነዚያ ቀናት ጥቂት ነበሩ።

አንድ ጠዋት ሚስተር ሳባቲኒ ማሞቂያውን ሊያይ መጣ። አንተ በካልሲ ቆመህ ቁርስህን ትበላለህ።

«ይሄ ማነው?»

«ቧንቧ ልሠራ መጥቼ ነው» አልከው።

«በካልሲ?»

«ወለልህ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነዋ።»

ማኬላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ሮንዳ፣ ውሉ ላይ ያለው ሦስት ሰው ነው። አራተኛ ሰው አልጨምርም። ካየሁ ደግሞ ለቢሮው መናገሬ አይቀርም» ብሎ ወጣ።

እማዬ እንግዳ ማሳደር ይፈቀድ እንደሆነ ቢሮውን ልጠይቅ አለች። አንተ ስልኩን ከእጇ ወሰድክ። «እንዳታደርጊው! የጠየቅሽ ዕለት ፋይልሽን ያወጡታል። የወጣ ፋይል ደግሞ በደህና አይመለስም።» እሷም አመነችህ። እኛ ሰፈር ይህን የማያምን ማን አለ? ቢሮ ሲጠይቅሽ ትመልሻለሽ እንጂ አንቺ ቢሮ አትጠይቂም።

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናህ የለችም። ብርድ ልብስህ ሶፋው ላይ ተጣጥፏል፤ ጠርዙ ሁለቴ ወደ ውስጥ።

ያ የቫውቸርህ ደብዳቤ ሲመጣ እማዬ ከሥራ ወጥታ፣ አረጋውያንን የምትንከባከብበትን የሥራ ልብስ እንደለበሰች፣ ፖስታውን በእጇ ይዛ ዞረች። እኔም ከኋላዋ። ፀጉር ቆራጩ አናውቀውም አለ። መጠለያው በር ላይ ያሉትም እንደዚያው። ሚስ ኦሌታ ማማሰሏን እንኳ ሳታቆም «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ በልቶ አያውቅም፣ እመቤት» አለቻት። እማዬ ስንመለስ መንገድ ላይ «ይህን ያህል ሰው እንዴት አንድ ሰው አያውቅም?» አለች።

ወሩ ካለቀ በኋላ ብቻዬን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ልጠይቅ አልነበረም፤ እኔ መቼ እጠይቃለሁ? የምትቀመጥበት ቦታ ልቀመጥ ብዬ ነው። ከሰጡኝ ምሳ ግማሹን ለማኬላ በፎይል ጠቀለልኩ። ሚስ ኦሌታ ከጀርባዬ ቆማ ኖሯል።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ማጠፍ ማን አስተማረሽ?»

«አጎቴ።»

«ጌታ ሆይ!» አለች። «ያቺ ፖስታ የያዘችው ሴት…»

«እናቴ ናት።»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እሱ ራሱ ነው ያስጠነቀቀን፣ የእኔ ቆንጆ። ‹የቢሮ ፖስታ ይዞ ስሜን የሚጠራ ከመጣ አታውቁኝም፤ እህቴን ከነልጆቿ ያስወጡብኛል› አለን። እኛም እናትሽ ከቢሮ የመጣች መስላን ድርቅ ብለን ካድናት። በማግስቱ ሲመጣ ‹የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ፈልጋህ ነበር፣ አባረርናት› ብለን ነገርነው። ጀግና የሆንን መስሎን ነበር። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።»

አጎቴ፣ የሸሸኸው ከእማዬ ነው። የያዘችው ፖስታ ደግሞ ያንተ ቤት ነበር።

እማዬ ይህን ስትሰማ ቢሮው ጋ ደወለች። የምትፈራው ነገር አልቀረላትም። ለመነቻቸው። ተራው አልፏል፣ መዝገቡ ሲከፈት እንደገና ይመዝገብ አሏት። ልትዘጋ ስትል ያን ጊዜ ያልጠየቀችውን ጠየቀች። እዚያ ያለችው ሴት ምንም ሳትገረም «ለተወሰኑ ቀናት እንግዳ ማሳደር ትችያለሽ፣ ውልሽ ላይ ተጽፏል እኮ» አለቻት። እማዬ ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ና። እንግዳ ሆነህ ና። ቀኑ ሲያልቅ ምን እንደምናደርግ አላውቅም፤ ግን ና፣ በፊት ለፊቱ በር አንኳኳ፣ ካልሲህን አውልቀህም ሶፋው ላይ ተኛ። ሚስተር ሳባቲኒም ይምጣ፣ ተቆጣጣሪዋም ትምጣ። «ይሄ ማነው?» ካሉ የምመልሰው እኔ ነኝ። «አንድ ሰው» አልልም። ስምህን ነው የምናገረው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ታች ድረስ እስኪሰማ።

እራትህ በፎይል ተጠቅልሎ ይጠብቅሃል። ማዕዘኑን አንተው ትመረምረዋለህ።

የድሃው አጎት የእህት ልጅ፣
ዝምተኛዋ ኬያና