ሰባት ዓመት ያላረጀው

ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ዝናብ ሲመጣ እንደ ድሮው ያስቸግርሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህልስ ትቀምሳለህ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በአካሌ ደህና ነኝ። በልቤም ደህና ነኝ ብልህ ግን ውሸት ይሆናል፤ አንተን መዋሸት ደግሞ በቅቶኛል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ኋላ ይገባሃል።

ምነው አልደወልሽም ትል ይሆናል። እናንተ ዘንድ ስልክ የሚሠራው ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ግማሹ መንደር ቆሞ የሰው ወሬ ይሰማል። ባለፈው ስደውልልህ አክስታችን ማማ ሶምቦ አጠገብህ ቆማ፣ አንተን የጠየቅሁህን ሁሉ እሷ ስትመልስልኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ወረቀት በመሥሪያ ቤታችን ሾፌር በብሪማ እጅ ልኬዋለሁ። ቤትህ ግባ፣ በርህን ዝጋ፣ ብቻህን አንብበው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና የእጅ ጽሑፌ አያስቸግርህም።

ቴዋ ካረፈች ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀኗ ነው። ካገባሃት ገና ስድስት ወር አልሞላትም ነበር። ሬሳዋን ያጠቡት ሁለቱ ሴቶችም ተከትለዋታል። መንደሩ የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ከሰባት ዓመት በፊት በኢቦላ ካለቁት አንዱ ተመልሷል፣ ስማችሁን ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እንዳትሉ ይባባላሉ አሉ። ቴዋ ራሷ ከመታመሟ በፊት፣ እዚህ ቤት ከሁለታችን ሌላ ሰው አለ፣ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ ትል እንደነበር ማማ ሶምቦ ነገረችኝ። ወይ የኛ ሰው ብዬ ሳቅሁ። ደሟን ያነበብኩ ዕለት ግን መሳቄን ተውኩ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። የበሽተኛ ደም ይመጣልናል፤ ከደሙ ውስጥ ቫይረሱን አውጥተን ፊደሉን እናነባለን። የኢቦላ ጽሑፍ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ያህል ፊደል ነው። ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ይገለበጣል፣ ሲገለበጥም ይሳሳታል፤ የቁርኣን ተማሪዎች ከአንዱ የእንጨት ሉህ ወደ ሌላው ሲገለብጡ እንደሚሳሳቱት ማለት ነው። ስሕተቱን ቆጥረን ከየት እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደዞረ እናውቃለን። ያነበብነውን ለዳካር፣ ለኮናክሪና ለጀርመኖቹ ቤተ ሙከራዎች እንልካለን፤ እነሱም ያላቸውን ይልኩልናል። ሰኞ ሰኞ ሁላችንም በስክሪን እንገናኛለን።

የቴዋን ደም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቫይረሱ እነዚህን ሰባት ዓመታት ከሰው ሰው ሲዞር ኖሮ ቢሆን ከመቶ በላይ ስሕተት ባገኘንበት ነበር። ያገኘነው ዘጠኝ ነው። ዳካር ያለችው ኩምባ መቼም ምላሷ አያርፍም፤ አንቺ ሴትዮ፣ የከረመ ሥጋ ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ አሙቀሽ ነው እንዴ ያቀረብሽልን? አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም የድሮ ደም ያለበት ቱቦ ተምታቶብኝ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ የተረፈውን ደም በበረዶ አሽገን ድንበር አሻገርነው፤ ኮናክሪዎቹ በራሳቸው መሣሪያ አነበቡት። እነሱም ዘጠኝ አሉ። በሚቀጥለው ሰኞ የሳቀ ሰው አልነበረም። ኩምባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይኼ ነገር ሲዞር አልኖረም፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ነበር አለች። ጀርመናዊው ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ፣ የተቀመጠው ሰው ውስጥ ነው፣ ያን ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ውስጥ ነው አለ።

ከዚያ ከሰባት ዓመት በፊት ከተነበቡት የበሽተኞች ደም የትኛውን እንደሚመስል ፈለግን። ከአንድ በሽተኛ ቁጥር ጋር ገጠመ። እነሱ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ስሙ ያለው እዚህ፣ በተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ መዝገብ ላይ ነው። ቁልፉም ያለው እኔ ጋ ነው። ቀትር ላይ ሰዎቹ ለሶላት ሲወጡ መዝገቡን ከፈትኩት። ከማቀዝቀዣዎቹ ጉርምርምታ ሌላ ድምፅ የለም፤ ግን ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ስሙን ሳላነብ የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። የራሴ ነው። ስሙ ያንተ ነው።

ወንድሜ፣ ትንሽ አረፍ በልና ቀጥል። ያጠፋኸው ነገር የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ከኢቦላ ሕክምና ድንኳኑ ድነህ በወጣህ በሦስተኛው ወር የምርመራህ ውጤት በፖስታ ታሽጎ ለኔ ተሰጠኝ። ወንድምሽ አይደል፣ አንቺው ንገሪው አሉኝ። ደሙ ነጽቷል፣ በወንድ ዘሩ ውስጥ ግን በሽታው አለ፤ በየወሩ እየመጣ ይመርመር፣ ሁለት ጊዜ ነጻ እስኪባል ያለ ኮንዶም ከሴት ጋር አይተኛ ይላል። እኔ ያኔ የበሽተኞችን ስም መዝገብ ላይ የምጽፍ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታናሽ እህት ይህን ለታላቅ ወንድሟ በየትኛው አፏ ትናገራለች? ማማ ሶምቦና ሴቶቹ ከበውሃል። አንተ ደግሞ፣ በይ እንጂ ዶክተሪት፣ አንብቢልን ብለህ አሾፍክብኝ። ደህና ነው ይላል አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። የመጀመሪያዋ ሚስትህ በወረርሽኙ ሞታ ብቻህን ስለነበርክ፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። ለቴዋ የጋብቻው ኮላ ፍሬ የተቆረሰ ዕለት እንኳ እዚያው ነበርኩ፤ ከሁሉም በላይ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር የጤና ሠራተኞቹ ሃያ አንድ ቀን በራፍህ እየመጡ ትኩሳትህን ሲለኩ፣ በመጨረሻም ጤነኛ ነህ ብለውህ ሲሄዱ አልዋሹህም። በሽታው አንተን ዳግመኛ አይነካህም። የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው።

የምጽፍልህ ለዚህ ነው። የቴዋ አባት ፓ ቫንዲ በአርባዋ ቀን ታናሿን ጂሎን በእህቷ ቦታ ሊሰጥህ ነው። ልጄ ሞታበት ቤቱ ባዶ አይሁን ማለቱ የደግነት ነው፤ እምቢ ማለትም ሽማግሌውን መናቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እምቢ በል። ምክንያት ካጣህ በኔ አሳብብ፤ ከተማ ያለችው እህቴ ሌላ ሴት አጭታልኛለች በላቸውና እኔን ይስደቡ። ባለፈው ወር መንደሩ የኢቦላ ክትባት ሲከተብ ጂሎ ለትምህርት ቦ በምትባለው ከተማ ስለነበረች አልተከተበችም።

ለአለቃዬ ለዶክተር ሳንዲ የደበቅሁትን ወረቀት ጨምሮ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኝ። በፈቃድህ እዚህ ከመጣህ ስምህን ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቀውም፤ ያጸዳዋል ተብሎ የሚታሰብ መድኃኒትም አለ። ካልመጣህ ነጭ መከላከያ የለበሱት የጤና ሠራተኞች መንደር ድረስ ይመጣሉ። መንደሩ ደግሞ የተመለሰው ሙት ማን እንደሆነ አገኘን ይላል፤ ባለፈው ጊዜ እንዲህ የተባሉትን ሰዎች ቤት ምን እንዳደረጉት አይተናል። እኔ ሥራዬን አጣ ይሆናል፤ ይገባኛል።

እዚህ ደርሼ ላሽገው ስል ማማ ሶምቦ ደወለች። ስለ አርባው ሩዝና ዘይት ስታወራ ቆየችና፣ ጂሎማ ከሰኞ ጀምሮ እሱ ቤት ናት፣ እያበሰለች ታበላዋለች፣ ይኸው ፊቱ ተፈታ አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ብዕሬን መልሼ አነሳሁ።

ብሪማ ሐሙስ ጠዋት ወንዙ ዳር፣ ምልክት በሌለው መኪና ይጠብቅሃል። ጂሎ አብራህ መምጣት ካለባት ይዘሃት ና። ምንም አልጠይቅህም፣ ፊትህንም አላይም። ክትባቱ በቶሎ ከተሰጠ ያድናል፤ አንድ ቀን ትልቅ ነገር ነው። አፍራችሁ አትዘግዩ። ማፈር ምን እንደሚያመጣ ከኔ ተማሩ።

አላህ የቴዋን ነፍስ ይማር፣ አንተንም ከመንደሩ እጅ ይጠብቅህ፣ ይቅር የምትልበትን ልብም ይስጥህ። ሐሙስ ብሪማ ከመኪናው አንተን ብቻ ሲያወርድ አላህ ያሳየኝ። አልጋ ግን ሁለት አንጥፌያለሁ።

ያኔ ወረቀቱን ያጠፈችው፣
ታናሽ እህትህ