ሰው የማያየው ውሃ ዳር

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ለሠርጋችን ላህ ወንዝም አልሆነም። ፍኖተ ሰላም ድረስ በጭነት መኪና ሄጄ፣ አቧራ ቅሜ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። «ወንዙ ዳር ያለችው ሜዳ ገነት ናት» ብላ የላከችኝ ዘውዲቱ ናት። አብራኝ ታስተምራለች፣ ሚዜዬም እሷው ናት፤ ከሷ ሌላ ማን አለኝ። ገነትስ በእርግጥ ገነት ናት። ዋርካው ሰፊ ነው፣ ሣሩ በዚህ በጋ እንኳ አልደረቀም። ግን ቅዳሜ የከተማው ሴት ሁሉ ልብሱን ተሸክሞ እዚያው ነው የሚወርደው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንዷ ከአረፋው ቀና ብላ፣ «የቡሬዋ አስተማሪ አይደለሽም? የአያ ካሴ ልጅ?» አለችኝ። ለተማሪዎቼ የውሃ ዳር ተክል ልለቅም ነው አልኳት። ከዚያ ውሸቴ እውነት እንዲመስል ስል ጎንበስ ብዬ አረም ስነቅል ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

አላምረው ቃል የገባልኝ ባሕር ነበር። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው፤ በጻፈልኝ ደብዳቤ ሁሉ «የምንጋባው ማዶው የማይታይ ውሃ ዳር ነው» ይላል። አሁን ግን ወደዚያ ሰው ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነገር ነው፤ እሱ ራሱ በስንት ልመና ነው ፈቃድ ያገኘው። የቅበላ ማግስት መሳፈር አለበት። ከቅበላ ወዲያ ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ በጾም ሠርግ የለም። ስለዚህ ወይ በቅበላው እሑድ፣ ወይ ደግሞ... እንጃ። ያንን «ወይ ደግሞ» ማሰብ አልፈልግም።

እሑድ፣ ጥር 29

ዛሬ የትም አልሄድኩም። ቤት ስቀመጥ ይብሳል፤ አንዱን ዕቃ ሦስቴ አጠብኩት።

አባባ ባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ደርድሮ ዋለ። ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ሲመሽ ሬዲዮኑን ከፍቶ ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ የሰሜኑን ወሬ እስኪያልቅ ይሰማል። ያን ጊዜ አጠገቡ ሰው አይወድም። ከሄድኩ «ሂጅ፣ ሥራሽን ሥሪ» ነው። ወንድሜ ይበልጣል ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እንዲህ ነን። መጀመሪያ ደብዳቤ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። መርዶም አልመጣ። መርዶ ስላልመጣ አልለቀስንም፤ ስላላለቀስንም ሐዘናችን አያልቅም። እናታችን ገና በልጅነታችን ስለሞተች ይህን ቤት የምንጠብቀው እኔና አባባ ብቻ ነን።

የአላምረው ሽማግሌዎች ከገና በኋላ መጥተው ነበር። አባባ ቁጭ አድርጎ ጠላ አስቀዳላቸው። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ልጁን አልነቅፍም። ግን ይበልጣል የት እንዳለ ሳላውቅ እዚህ ቤት ከበሮ አይገባም። ደግሞ ሌላ ወታደር የምጠብቅበት ዓይን የለኝ» አላቸው። ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ተናደድኩ። እንዳልናደድበት ደግሞ እውነቱን ነው፤ ያ ነው ያቃጠለኝ።

እና እንኮበልላለን። ግን እንደ ሌባ ጨለማ ውስጥ አይደለም። ቢያንስ ቦታው ያምር።

ሰኞ፣ ጥር 30

የጠዋት ፈረቃ እንዳለቀ ወደ ፏፏቴው ወረድን። አላምረው በአንድ መንገድ፣ እኔና ዘውዲቱ በሌላ። አምሯል! ቀስተ ደመና ሁሉ ሠርቶልን ነበር። አላምረው ድንጋይ ላይ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ ውል ማንበብ ጀመረ፤ አፉ ሲከፈት እንጂ ድምፁ አይሰማም። «ምን?» እላለሁ፣ «ምን?» ይላል። ዘውዲቱ በሳቅ ሞተች። አግቢኝ ይበለኝ ተይኝ የማላውቅበት ቦታ አላገባም አልኩ። ደግሞ ከበታቹ ጠበል አለ፣ በሽተኛው ተኮልኩሏል፤ ከመሃላቸው የአባባ ንስሐ አባት አይጠፉም።

ይህም ቀረ። ስንመለስ አላምረው እጄን ያዘኝ፣ ሰው ሲመጣ ለቀቀኝ። ሳስታውስ ያመሸሁት መያዙን ሳይሆን መልቀቁን ነው።

ማክሰኞ፣ ልደታ

ተጣላን።

እኔ ጣና አልኩ። ባሕር ዳር፣ ማዶው የማይታይ ውሃ፣ ራሱ ያለው። እሱ የይለፍ ወረቀት አለ። እውነቱን ነው፤ ያለዚያ ኬላውን ማለፍ የለም፤ ፈርሞ የሚሰጠው የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ አጎቴ ነው። «ለምን ጉዳይ?» ቢለኝ ምን ልለው ነው? ኬላውን ባልፍስ፣ ዱርቤቴ ላይ እህል የምትነግደው አክስቴ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር መስኮት ለመስኮት ወሬ ትለቅማለች።

እሱ ዓባይ አለ። ቆላ ወርደን፣ ስፋቱን ባየሽው፣ እያለ። ወባ ይዞኝ በቃሬዛ የምወጣ ሙሽራ መሆን አልፈልግም አልኩት። «ባሕር ባሕር ያልሽው አንች ነሽ» አለኝ። እኔ ነኝ? እኔ በዕድሜዬ ባሕር አይቼ አላውቅም! በደብዳቤ ያስጎመጀኝ ማን ሆነና ነው። ጥዬው ሄድኩ። አሁን ጸጽቶኛል። የቀሩን ቀኖች ለኩርፊያ አይበቁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 2

ታረቅን። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ካልወደድሽው ሁለተኛ ስለ ውሃ አላነሳም» አለኝ። ወደ ፈጣም ወሰደኝ። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ወንዙ ይሰፋና ይተኛል፤ ሾላዋ ጥላዋን ጥላበታለች፤ ለጥ ያለ ድንጋይ አለ፣ ሦስት ሽማግሌ ያስቀምጣል። «ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እይው» አለ። ጨፈን አድርጌ አየሁት። እውነትም ማዶው ደበዘዘ።

አለቀስኩ። እሱ በደስታ መሰለው። ቦታውን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። የአባባ ከብቶች የሚጠጡት እዚያ ነው። ይበልጣል ዋና የተማረው ከዚያ ድንጋይ እየዘለለ ነው፤ እኔ ልብሱን ይዤ እቆም ነበር። ከሁሉም የሚያምረው ቦታ እሱ እንደሆነ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ስዞር የከረምኩት ከሱ ለመሸሽ ነው። አይሆንም አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ሌላ ቦታ የለም። ሌሊቱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት አነጋሁ፤ ፈጣም ይሁን። አባባ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውሎ ደጀ ሰላም ስለሚቀመጥ ከብቶቹን እረኛው ቀደም አድርጎ አጠጥቶ ይመልሳቸዋል። ረፋዱ ላይ ማንም የለም።

የቀረን ሽማግሌ ነው። ሰማንያ ለማሰር ሦስት ያስፈልጉናል። ሁለቱ ከአላምረው ወገን ናቸው፤ በእናቱ አገዎች ናቸው፣ ከቡሬ በላይ ያርሳሉ፣ እሺ ብለዋል። ከእኔ በኩል አንድ ሰው ካልቆመ ግን ነገ «ሰው የሌላት» እባላለሁ። ፈራ ተባ እያልኩ አያ ሞላ ዘንድ ሄድኩ። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሁሉን ነገርኩት።

«ውሃ ዳር?» አለ። «ምን ሁነሽ ነው፣ ዓሣ ነሽ?»

ቤት ከበሮ አይገባም ተብሏል አልኩት።

«ላስብበት» አለኝ። እሺም እንቢም አላለም። ሲመሽ በመስኮት አየሁት፤ ምርኩዙን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደኛ ቤት። ከአባባ ጋር ከደጅ ተቀምጠው አወሩ። ሬዲዮኑ ሳይከፈት ቀረ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ! ምስጢሬን ወስጄ ለሱ!

ዓርብ፣ የካቲት 4

አባባ ቀኑን ሙሉ ምንም አላለኝ። ይህ ከቁጣ ይከፋል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ አንዱን ቃል ሁለቴ ጽፌ ልጆቹ ሳቁብኝ።

እራት ሳቀርብለት፣ እጁን እየታጠበ፣ «እሑድ ከብቶቹን እኔ ነኝ ፈጣም የማወርድ» አለ።

«እረኛው አለ አይደል፣ አባባ? እርስዎ ቤተ ክርስቲያን...»

«ቅዳሴ ስወጣ ነው የምነዳ። ረፋዱ ላይ። ከሾላዋ ማዶ ሣር አለ ይላሉ።»

ሁሉን አውቋል። በቀጥታ መከልከል አልፈለገም፤ መጥቶ ይቆምብናል ማለት ነው። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ዘውዲቱ ቤት ሮጥኩ፤ አላምረውን አስጠራሁት። ኮሶበር ከተማ ድረስ በእግር ሄደን እዚያ እንጋባ አለ፣ ነገውኑ፣ በአቋራጭ። እሺ አልኩት። ከዚያ እንቢ አልኩት። ከዚያ ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ቅዳሜ፣ አቦ

ልብሴን ጠቅልዬ ዘውዲቱ ቤት አስቀመጥኩ። ከዚያ ከመሄዴ በፊት ልቤ እንዲያርፍ አያ ሞላን ልቆጣው ሄድኩ። እያጨደ ነበር፣ ለበሬው ሣር። «ለምን ነገሩት?» አልኩት።

ማጭዱን አስቀመጠ። «ብርቄ፣ የሰውን ልጅ ከጀርባው ድሬ፣ ማታ ደጁ ተቀምጬ ጠላውን ልጠጣለት ኑሯል?»

«እና አሁን መጥቶ ሊበትነን ነው!»

«ማን ነው ያለሽ? ካሴ ምን አለ? ቤቴ ከበሮ አይገባም አለ። ወንዝ አልሄድም አለ? ከማዶ ሁኖ ከብቱን ያጠጣል። ሠርግ አልበላም፣ አልጨፈረም፤ ይበልጣል ቢመጣ የሚያፍርበት ነገር የለም። ልጁ ስትዳር ግን ያያል። አንች አስተማሪ ሁነሽ ይህ ጠፋሽ?»

የታጨደው ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። አምኜዋለሁ? ግማሹን። አባባ ሐሳቡን ቢለውጥስ? አላምረውን ወደ ኮሶበር አንሄድም አልኩት። ቢቆጣም አባቴ ይቆጣኝ፤ ዞር ብዬ ግን አልሸሽም።

እሑድ፣ ቅበላ

ሆነ። አጭር ነው የምጽፈው።

ነጭ ቀሚስ፣ የዘውዲቱ ነጠላ። አላምረው ነጩን የባሕር ኃይል ልብሱን ለበሰ፤ እናቱ ስታየው በአገውኛ አንድ ነገር አለችና ፊቷን አዞረች። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አያ ሞላ ውሉን ማንበብ ሲጀምር ከማዶ የከብት ኮቴ ሰማሁ። ቀና ማለት ፈራሁ።

አባባ ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ፣ የበዓል ጋቢውን! ላሞቹ ጠጡ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጠጡ፤ እሱ ወደ እኛ አያይም። ከፈረምን በኋላ በትሩን መሬት ላይ ተከለ። ሁለት እጁን ዘረጋ። ከሚያጉተመትመው የሰማሁት «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ውሃው ወሰደው።

ያን ጊዜ አላምረው ወንዙ ውስጥ ገባ። በዚያ ነጭ ሱሪ፣ እስከ ወገቡ። ተሻግሮ የአባባን ጉልበት ሳመ። አባባ ክንዱን ይዞ አነሳውና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለው። ከዚያ ከብቶቹን ነዳ።

ሲመለስ ጠየቅኩት። «‹ጻፍላት፣ አንድ መስመርም ቢሆን ጻፍላት› ነው ያለኝ» አለ። ከጫማው ውሃ እየፈሰሰ ነበር።

ሰኞ፣ የሁዳዴ መጀመሪያ

ጠዋት አውቶቡሱ ወሰደው። በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝ ማዶው ለምን እንደሚደበዝዝ አሁን ገባኝ። ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ነበር፤ አለቀስኩ።

ማስተማሩን አስተምሬ ቤት ገባሁ። ባትሪዎቹ ፀሐይ ላይ ውለው ነበር።

ሲመሽ ሬዲዮኑን ይዞ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልማዴ ወደ ጓዳ ልገባ ስል ጠራኝ። ዞር ስል፣ በርጩማዋን በእግሩ ወደ አጠገቡ ሳባት።