ስልኩን የሚያነሳው

ውድ ወንድሜ ቀነዓ፣

ደብዳቤ ስታይ የታመመ ሰው አለ ብለህ እንዳትደነግጥ፤ ሁላችንም ደህና ነን። ጎረቤታችን ኩምሳ ካቺሲ ገበያ አግኝቶህ መወፈርህን ነግሮናል። እማዬ ደስ ብሏት ዋለች፤ እኔ ግን አላመንኩትም፣ ለኩምሳ ያልወፈረ ሰው የለም። ይህንንም የምልክልህ በእሱው እጅ ነው።

በኮሮና ጊዜ ትምህርቴ በኢንተርኔት ሲሆን አባባ በቤቱ ስልክ መስመር ብሮድባንድ አስገባልኝ። አምቦ ውስጥ የኔን ያህል የኮራ አልነበረም። ምን ያደርጋል፣ መምህሩ ማስረዳት ሲጀምር ይቋረጣል። ሞደሙን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ዝናቡን ረገምኩ። በመጨረሻ ጉርሙ የሚባል ቴክኒሻን መጣ። ሽቦውን ከምሰሶው ጀምሮ ፈትሾ ምንም እንከን አጣበት። ሳሎን ገብቶ የስልኩን ገመድ ሲከተል ግን ሳቅ አለ። ስልኩና ኢንተርኔቱ እንዳይረባበሹ የምትለየው ትንሽ ሳጥን ተነቅላለች፤ ስልኩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል።

"ኦቦ ጉተማ፣ እንዲህ ከሆነ ስልኩ በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ማነው ቶሎ ቶሎ የሚያነሳው?"

አባባ ቆቡን አስተካከለ። "እኔ ነኝ። መስመሩ መኖሩን ላይ ብዬ ነው። ያቺ ሳጥን ደግሞ ጥሪ የምታስቀር መስሎኝ ነቀልኳት።"

"የማንን ጥሪ?" አልኩት።

"ዲሲ መቲ፣ ተይው" ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

እኔና እማዬ ተያየን። ኮሌጁን ትተህ ከብት ልነግድ ስትል "ደጄን እንዳትረግጥ" ያለህ ሰው ነው። ከሄድክ ወዲህ ስምህን ጠርቶ አያውቅም፤ እኛም እሱን ፈርተን አንጠራህም። ለካ ከሁላችን ይልቅ ሲጠብቅህ የኖረው እሱ ነው። የዚያን ቀን አለቀስኩ።

አሁን ሰፈራችን ፋይበር ገብቷል፤ የመዳቡ ሽቦ ሊቀር ነው። ጉርሙ ስለ ፍጥነቱ እያጋነነ ሲያስረዳ አባባ ሰማውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "ቁጥሩስ ይቀየራል?"

"አይቀየርም፣ ኦቦ።"

"እንግዲያው አስገቡት።"

ስልኩ አሁን ከአዲሱ ሞደም ጋር ተያይዟል። አባባ ዛሬም እያነሳ ያዳምጠዋል፤ የኔ ኢንተርኔት ግን አይቋረጥም። እስቲ ደውልለት። የኔን ሞባይል አታውቀውም፣ የቤቱን ቁጥር ግን በልጅነትህ ያስጠናህ ራሱ አባባ ነው። ስልኩ ሲጮህ ቀድማ እንዳታነሳው እማዬን እኔ እይዝልሃለሁ።

የናፈቀችህ እህትህ
መቲ