ዝምተኛዋን ፈልጊልኝ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታነሺ ስታስተኚ ትውያለሽ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? መንትዮቹስ? ጥርስ አወጡ? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ነው። ደኅና አይደለሁም።

ጽሑፌን አይተሽ እንዳትስቂ። እስከ ዛሬ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልሽ እናትሽ ነበረች፤ የእኔ ድርሻ ከታች መፈረም ነው። ሰው ፈልገህ አስጽፍ ብለውኝ ነበር፤ የራሴን ጥፋት በሰው እጅ አላስጽፍም። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ነገሩ ሳይነገር ይዘጋል። ባለፈውስ እንደዚያ አይደል የሆነው? ስለዚህ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ይቺን ጻፍኩ። ነገ ጠዋት የሚነሳው የአውቶቡስ ሹፌር ሐሙስ በእጅሽ ያደርስልኛል።

እናትሽ ካረፈች ሰባት ወሯ። የእሷን ደንብ ታውቂዋለሽ። ከእሷ ዘንድ ስፌት የተማረች ሴት ዓመቷን ስትጨርስ የተማረችበትን የስፌት መኪና ይዛ ትወጣና የራሷን ሱቅ ትከፍታለች። እናትሽ በምላሹ የምታስምላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺም ሌላ ሴት አስተምሪ። በዚህ ስንቴ ተጣላኋት! ሰፈሩን ሁሉ ልብስ ሰፊ አድርገሽ ማን አንቺ ጋ ሊያሰፋ ነው እላት ነበር። እሷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ አይዞህ፣ ሰው ራቁቱን መሄድ አልጀመረም ትለኛለች። ሱቅ ሲከራዩም አብራቸው ትሄድ ነበር። አንዱ አከራይ ባሏን አምጪና እንነጋገር ቢላት፣ ምነው፣ ልብሱን የሚሰፋው ባሏ ነው እንዴ አለችው አሉ።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ምሳሽን ሳትቋጥር መኪናው ላይ ተቀምጣ አታውቅም። እናቴ የታመመች ጊዜ አልጋዋን ከነፍራሹ ሥራ ክፍል አስገብታ፣ እግሯ መርገጫው ላይ፣ ዓይኗ እናቴ ላይ ሆና ነው ሁለት ዓመት የሰፋችው። በቀብሯ ዕለት ያስተማረቻቸው አሥራ አንዱም መጡ። ከሥራ ተነስተው ስለሮጡ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማውለቅ እንኳ ረስተው ነበር።

አሥራ ሁለተኛዋ ዝምተኛዋ ናት፤ ያቺ ባሏ ሁለት ልጅ ጥሎባት የሄደው። የተማረችው በጥቁሩ መኪና ነው፣ እናትሽ ራሷ ሥራ በጀመረችበት። እናትሽ አልጋ ላይ ሆና፣ ዓመቷን ስትጨርስ ለዝምተኛዋ ስጣት ብላኝ እሺ ብያለሁ። ቀኑ ሲደርስ ግን ሆዴ እምቢ አለ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሚስቴን ቀብሬ ዕቃዋን አላስወጣም፣ እናንተ የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ንብረት ልትከፋፈሉ ነው የመጣችሁት አልኳት። ይሄንን ነው ያልኳት ልጄ፣ አላሳነስኩልሽም። እሷ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እግሯ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠረገች፣ ወጣች። ተቀጥረው አብረዋት ይሠሩ የነበሩት ሦስቱ ሴቶችም ተከትለዋት ወጡ። አንቺ ስጣት ብለሽ በስልክ ስትለምኚኝ ጆሮሽ ላይ የዘጋሁብሽ ያን ሰሞን ነው።

እናትሽ ተቀብላው የሞተች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነበር፣ ስልሳ ሸሚዝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትቆርጥ እያየሁ የኖርኩ ሰው ማንንም አልለምንም ብዬ ራሴ መቀስ አነሳሁ። እኔ እንደምታውቂው ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ ድንጋይ ደግሞ ግራና ቀኝ የለውም። የእጅጌውን የካርቶን ልክ ጨርቁ ላይ እያስተኛሁ፣ በጠመኔ እያሰመርኩ ቆረጥኩት። ለካ ለሌላው እጅ ካርቶኑ መገልበጥ ነበረበት! መቶ ሃያ እጅጌ፣ ልጄ፣ መቶ ሃያውም የግራ። ጨርቁ ፊትና ጀርባ ስላለው አገላብጬም አልሆነልኝ።

በጆንያ ተሸክሜ፣ እናትሽ መጀመሪያ ያስተማረቻት ባለ ሱቅ ዘንድ ሄድኩ። አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ከዚያ አባባ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ቀኝ እጅ የላቸውም እንዴ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቆይታ ግን የምር አለቀሰች። ሸሚዙንስ ተጋግዘን እናደርሰዋለን፣ ዝምተኛዋን ማን ይመልስልዎታል አለችኝ። ያኔ ነው የሰማሁት። ልጆቿን ለእናቷ ትታ አንቺ ያለሽበት ከተማ ገብታለች። መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ልብስ እጥበት ቤቶች በአንዱ የሰው ልብስ ትተኩሳለች አሉ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እሑድ መኪናውን በጋሪ ጭኜ እናቷ ቤት ወሰድኩት። አሮጊቷ ከደጃፍ አላሳለፉኝም። እኔ የወለድኩት መኪና አይደለም፣ ልጄን አምጣልኝ አሉኝ። የልጅ ልጃቸው፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከቀሚሳቸው ኋላ ብቅ ብላ፣ እማዬን ያባረርካት ሽማግሌ አንተ ነህ አለችኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት። መኪናውን ጭኜ ተመለስኩ። እናትሽ ሴቱን ሁሉ በእግሩ ስታቆም ኖረች፤ እሷ ከሄደች በኋላ እኔ አንዷን ከልጆቿ ነቀልኩ።

አባት ልጁን አይለምንም ስል የኖርኩት ሰውዬ ዛሬ እለምንሻለሁ። እጥበት ቤቶቹን አንድ በአንድ ዙሪልኝ። ቀጭን ናት፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስታገኚያት አባቴ ተጸጽቷል ምናምን አትበያት፤ የእኔ ጸጸት ልጅ አያሳድግም። መኪናው ያንቺ ነው፣ የቤታችን የመንገድ ዳር ክፍልም ሱቅ እስክታገኚ ያንቺ ነው በያት። ከሰደበችኝም አትከላከዪልኝ፣ ዝም ብለሽ ስሚያት። ብቻ ይዘሻት ወደ አውቶቡሱ ነይ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ባለፈው ሲደውል ስላኮረፍኩት እንዳይቀየመኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ያንን አልቃሻውን ሁለት ጊዜ። አማትሽን እንደምን ነዎት በይልኝ፣ እግራቸው ተሻላቸው? ልጆች የምትይዝልሽን ልጅም ሳልረሳ፣ ሰላም በያት።

አንድ ነገር ደብቄሽ ላሽገው ነበር፤ አልቻልኩም። እሑድ ያቺ ትንሽ ልጅ ጋሪውን እስከ መንገድ ተከትላኝ፣ እሺ መቼ ትመጣለች አለችኝ። ምን ተማምኜ እንደሆነ እንጃ፣ ቅዳሜ በአውቶቡስ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በደጄ እያለፈች ስንት ቀን ቀረ ትለኛለች። አሁንም መጥታ ሄደች። አራት አልኳት።

አባትሽ

ከእናትሽ የሥራ ክፍል፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን