ፋሻው የተፈታው ማታ ነው

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለእህቴ ሰጥተህ እንዳታስነብባት። እስከ ዛሬ የጻፍኩልህን ሁሉ እሷ ናት ያነበበችልህ። አሁን የዓይንህ ሞራ ተገፏልና ራስህ አንብበው፤ በእሷ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም።

ቀዶ ጥገናህ ሲደርስ «ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው አንተን ይሁን» አልከኝ። እኔም «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለችኝ፤ ግን ሰኞ ጠዋት በቪዲዮ እደውላለሁ፣ ፊቴን ታያለህ» አልኩህ። ውሸቴን ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ፊቷ አይፈታም እንጂ ክፉ አይደለችም፤ «አባቴ ዓይኑን ሊታከም ነው» ስላት ሳታቅማማ ዘጠኝ ቀን ፈረመችልኝ። በሁለት ቢላ በላሁ፣ አባዬ። ለእሷ በአንተ፣ ለአንተ በእሷ አሳበብኩ።

የሄድኩት ተራራ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው አገር መስኮት በሌለው ምድር ቤት አንሶላ ስተኩስ ያየኝ ወጥ ቤት ሠራተኛው፣ ቀጮ የምንለው፣ «ና ውጣ፣ ሳትሻግት ንፋስ ይንካህ» አለኝ። ሁለት ቀን ብቻ ተጉዤ፣ ሳልነግርህ ድንገት ወደ አንተ ልመጣ ነበር። አንዱን ሸንተረር ስንወጣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ፤ ቤት የለ፣ መንገድ የለ፣ «ና» የሚል ሰው የለ። እግሬ ተላልጦ፣ ደረቅ ዳቦ እያኘክሁ ደስ አለኝ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሰኞ ኔትዎርክ እንደሌለ እያወቅሁ «ይሁን፣ ስወርድ እደውላለሁ» ብዬ እዚያው ዋልኩ፤ ፈቃዴም እዚያው አለቀ።

ሥራ ስመለስ አለቃዬ «አባትህ መጀመሪያ ሲያይህ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አለቀሰ» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት እህቴ በጨዋታ መሃል እየሳቀች ነገረችኝ። ነርሷ ጠዋት ልትፈታልህ ስትመጣ «ታገሺኝ ልጄ፣ አሁን ይደውላል» ብለህ እስከ ማታ ዓይንህን ታስረህ ተቀመጥክ አሉ። አጎቴ «ልጅህ ረስቶሃል» ቢልህ «የሰው አገር ሥራ የማታውቅ፣ ዝም በል!» ብለህ ጮህክበት፤ እስከ ዛሬም አትነጋገሩም። ለእኔ ግን በኋላ ስደውልልህ ይህን ሁሉ ዋጥ አድርገህ «በርታ፣ ሥራህን አክብር» አልከኝ። የእህቴን ስልክ ዘግቼ የአንሶላው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኳት። እስከ ሌላ ዓመት ፈቃድ የለህም አለችኝ፤ አሁን በእውነት ተከልክያለሁ።

አባዬ፣ እኔን ቆይተህ ትቆጣኛለህ። መጀመሪያ አጎቴ ቤት ሂድና ታረቀው፤ ልክ የነበረው እሱ ነው።

ቀኑን ሙሉ ያስጠበቀህ ልጅህ